ጠበሉም፣ ዱአውም፣ ኪኒኑም

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ፣ ወንድም ወይም እናት ላላቸው ሰዎች ነው። በተለይ ደግሞ ጠበል እንውሰዳት፣ የወዳጃ ዱአ እናስይዝላት ወይስ ሐኪም ቤት እያሉ ሲማከሩ ለሚያድሩ። እኛ ቤት ይሄ ምክክር ዓመታት ፈጅቷል።

ቤታችን ሐይቅ ከተማ ዳር ነው። አባዬ የአምባሰል ክርስቲያን ነው፣ እማዬ የቃሉ ሙስሊም። ሌላ አገር ያለ ሰው ይገርመው ይሆናል። ለወሎ ሰው ግን ወሬም አይደለም። በዓሉም ከሁለት ወገን፣ ዘመዱም ከሁለት ወገን፣ ምክሩም ከሁለት ወገን ነው። ስለዚህ ታናሽ እህቴ ስትታመም መካሪ አላጣንም። እንዲያውም የተቸገርነው በመካሪ ብዛት ነው።

እህቴን የጀመራት አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ነው። ትምህርት ቤት፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወደቀች። አረፋ ደፈቀች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ሽንቷ አመለጣት። ልጆቹ ተበተኑ። አንዱ «እንዳትነኳት፣ በለሃጭ ይተላለፋል!» አለ። ሌላው ማንኪያ ጥርሷ መሃል ሊከት ታገለ። የጥበቃው ሰውዬ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። ቤት ስትመጣ ዩኒፎርሟ ረጥቦ፣ ምላሷ ተነክሶ፣ የአፍንጫዋ ጫፍ ተለብልቦ ነበር። ከሁሉም በላይ ያመማት ግን ጓደኞቿ ሲሮጡ ማየቷ እንደሆነ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነገረችኝ።

ክብሪቷን ዝም ብዬ አላልፋትም። አብዛኛው ጊዜ ይሄ በሽታ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ክብሪት የጫረ ሰው «እኔ ነኝ ያነቃኋት» ይላል። ቁልፍ ያስጨበጠም፣ ውሃ የደፋባትም እንደዚያው። በሽታው ረጅም እረፍትም አለው። አንዳንዴ ሁለት ወር ዝም ይላል። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ የሄድንበት ቤት ሁሉ «አዳናት» ተብሎ ይመሰገናል። ተመልሶ ሲጥላት ደግሞ ጥፋቱ የእኛ ይሆናል፤ ወይ አላመንንም፣ ወይ ስለት አስቀርተናል። ይሄን ነገር ቀድመን ብንረዳ ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ እንባ ይተርፈን ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ጓዳ ነው። ጤና አዳም ተሸተተ፣ ጥንጁት ተጨሰ። እነዚህ ጉዳት አላመጡባትም፣ ቤቱንም ደስ የሚል ሽታ ሰጡት። ቀጥሎ የመጣው ሥር በጣሽ ግን ምን እንደሆነ ያልነገረንን ነገር በጥብጦ አጠጣት። ቀኑን ሙሉ ስታስመልስ ዋለች። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ሕግ ይሄ ነው፦ የሚሸተት ይሸተት፣ ስሙ የማይነገር የሚጠጣ ነገር ግን አይገባም።

ከሥር በጣሹ ወደ ደብተራ ሄድን። ክታቡን በቁመቷ ልክ ብራና ላይ ጻፈላት። የድሮው ወግ ነው፤ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እንዲጠብቃት። ባርያና ሌጌዎን ስለሚባሉት አጋንንት የሚደገም ጸሎት አለበት። ብራናው ያምራል፣ ሥዕሎቹም ዓይናቸው ፈጦ ያያችኋል። በሽታው ግን አልፈራቸውም።

ከዚያ አንዲት የሩቅ ዘመዳችን ዛር ነው አሉን። ባለዛሯ ቤት ሄድን። ገብስማ ዶሮ ተባለ፣ ሽቶ ተባለ፣ ቡና ተፈላ። ስለዚህ ቤት ብዙ አልጽፍም። እህቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ ሴቶቹ «አጎራች!» ብለው እልል ማለታቸውን ግን አልረሳውም። ለእነሱ መንፈሱ እየተናገረ ነበር። አባዬ ዶሮውን ለመግዛት ብሎ ፍየል ሸጠ። የሄዱትን ሁሉ አልሰድብም። ቤት ውስጥ የሚታፈን ኑሮ ያላቸው ሴቶች እዚያ ገብተው ሲቀላቸው አይቻለሁ፤ የሆዳቸውን የሚሰማ ሰው አግኝተዋል። የእህቴ ችግር ግን ሌላ ነበር።

ነገሩ የተገለበጠው በእሳት ነው። ቡና ስትቆላ ጣላትና እጇ ፍም ላይ አረፈ። ስለማታውቀው እጇን አላነሳችም። ጤና ጣቢያ ቁስሉን የምታጥብላት ነርስ «እንዴት ነው የወደቅሽው?» ብላ ጠየቀቻት። እማዬ «ሸርተት ብሏት ነው» አለች። ነርሷ ዝም ብላ ቆይታ፣ «እናቴ፣ ሸርተት ያለው ሰው እጁን ይስባል» አለቻት። ያኔ እማዬ ሁሉንም አወጣች። ወደ ደሴ ሆስፒታል ተላክን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሆስፒታል ስትደርሱ «የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂዱ» ትባሉ ይሆናል። አባዬ በሩ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ሊመለስ ነበር። «ልጄ እብድ አይደለችም» አለ። እብድ ስለሆነች አይደለም የላኳት። በብዙ የአገራችን ሆስፒታሎች የሚጥል በሽታን የሚያክሙት እዚያው ክፍል ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። በሩን አትፍሩት፣ ግቡ።

ሌላው ደግሞ ባለሙያው በሽታውን የሚለየው በአብዛኛው ያየ ሰው በሚነግረው ነው። እህቴ ራሷ ምንም አታስታውስም። እኛ ደግሞ «ጣላት» ከማለት በቀር የምንለው አልነበረንም። ዓይኗ ወዴት ዞረ? መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው የትኛው እጅ ነው? ስንት ደቂቃ ቆየ? ከነቃች በኋላ ግራ ይገባታል ወይስ ወዲያው ታወራለች? እነዚህን ያየ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሲጥላት በስልክ መቅረጽ ነውር ይመስላል፤ ለሐኪሙ ብቻ ካሳያችሁት ግን ከሺህ ቃል ይሻላል።

ፊኖባርቢታል ታዘዘላት። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ በሽታ ሲሰጥ የኖረ፣ ርካሽ ኪኒን ነው። መጀመሪያ አካባቢ ክፍል ውስጥ እያንጎላጀች ተቸገረች። መውደቋ ግን ቀነሰ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እኛ ደግሞ ፈጽሞ እንዲጠፋ ነበር የፈለግነው። መጠኑ ቀስ እያለ እንደሚስተካከል፣ ካልሆነም መድኃኒቱ እንደሚለወጥ አልገባንም። «ይሄ ኪኒን ማስተኛት ብቻ ነው» የሚሉ ሰዎች በዙ። እናም ሻንጣችንን ይዘን ጠበል ወረድን።

የጠበሉን ቦታ ስም አልጠራም። ሁሉም ቦታ እንደዚያ አይደለምና። መጀመሪያ መልካሙን ልናገር። ሰፈራችን ውስጥ የእህቴ ስኒ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ጠበል ስንሄድ ግን ማንም አልሸሻትም። ምንጣፍ ለምንጣፍ ገጥመን ተኛን። ስትወድቅ የማናውቃቸው እናቶች ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አስተኙ። አንዷ ቆሎዋን፣ ሌላዋ ጋቢዋን አካፈለቻት። ከዚያ በፊት እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሐኪም ቤት ይሄን አላገኘንም። ወረፋ፣ ካርድ፣ ሦስት ደቂቃ ንግግር፣ በቃ።

ችግሩ አንድ አስተናባሪ ነበር። ኪኒኑን እማዬ ቦርሳ ውስጥ አየው። «መድኃኒት ይዞ የመጣ ሰው አምኖ አልመጣም፤ ወይ ይሄን ያዙ ወይ ያንን» አለ። እማዬ ሙስሊም ናት፣ በእንግድነት ነው የመጣችው። እንዴት አፏን ሞልታ ትከራከር? ኪኒኑ ቆመ። በዚያ ላይ ጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጥምቀቱ ጎህ ሳይቀድ፣ ሌሊቱ ጸሎት። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረን፣ እንቅልፍ ማጣት ለዚህ በሽታ ቤንዚን እንደማርከፍከፍ ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሌሊት ጣላት። ሳትነቃ ደገማት። አሁንም ሳትነቃ ደገማት። ዙሪያችን የነበሩት «እየለቀቀ ነው፣ ሊወጣ ሲል ያጓራል» እያሉ አጽናኑን። አንድ ገበሬ ግን ጠጋ ብሎ አያትና «ይቺ ልጅ ልትሞት ነው» አለ። በቃሬዛ ወደ መንገዱ አወረድናት። የቆመልን አይሱዙ ነበር።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «ኪኒኑ መቼ ነው የቆመው?» ብሎ ነው። በኋላ እንዳስረዳን፣ አንጎል መድኃኒቱን ለምዶ ሳለ በድንገት ሲቋረጥበት በሽታው ከበፊቱ ብሶ ይነሳል። አንዱ ሳያበቃ ሌላው ይከተላል። ቶሎ ካልተገታ አንጎልን ይጎዳል፣ ይገድላልም። እባካችሁ ይቺን ያዙልኝ፦ ኪኒን የሚቆመው በሐኪም ነው፣ ቀስ በቀስ ነው፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ቢሻላትም፣ በተለይ ሲሻላት፣ አታቁሙ።

እህቴ ስትነቃ ድምጿ ተዘግቶ ነበር። ከንፈሯን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ «ስላላመንኩ ነው?» አለችኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘችው ካልጠበቅነው ቦታ ነው። እማዬ ቃሉ ወዳለችው አያቴ ቤት ወሰደቻት። ሐሙስ ማታ ወዳጃ ተያዘላት። ወዳጃ ላልገባችሁ፣ ሰው ተሰብስቦ ለታመመ፣ ለተጨነቀ፣ መንገድ ለሚሄድ ዱአ የሚያደርግበት ነው። እጣኑ ይጨሳል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይላል። መንዙማ ይባላል፣ ድቤ ይመታል። ሁሉም ሐጃውን፣ ማለትም የልቡን ጉዳይ፣ ይናገራል፣ ቤቱ በአንድ ድምፅ «አሚን!» ይላል። ክርስቲያን ጎረቤቶችም ይመጣሉ። አባዬም መጥቶ ነበር፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ «አሚን» ሲል ሰምቼዋለሁ።

የእማዬ ሐጃ ሲቀርብ ዱአውን የሚመሩት ሼህ መጀመሪያ የጠየቁት ምን ይመስላችኋል? «ኪኒኗን እየወሰደች ነው ወይ?» ብለው ነው። አዎ ሲባሉ «አልሐምዱሊላህ» አሉና እህቴን ወደ ፊታቸው ጠሯት። ከሐዲስ አንድ ታሪክ አወሩላት። አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ነቢዩ መጥታ «ይጥለኛል፣ ስወድቅም ገላዬ ይገለጣል፣ ዱአ አድርግልኝ» አለቻቸው። ብትታገሺ ጀነት አለሽ፣ ብትፈልጊም ዱአ አደርግልሻለሁ አሏት። እታገሣለሁ፣ ገላዬ እንዳይገለጥ ብቻ ዱአ አድርግልኝ አለች። አደረጉላት። ሼሁ ወደ እህቴ ዞረው «አየሽ ልጄ፣ አንቺ ያለብሽ ያቺ ደግ ሴት የነበረባት ነው። አላመንሽም ያለሽ ማነው? አብሽሪ» አሏት። አላህ መድኃኒቱን ሳያወርድ በሽታ እንዳላወረደም ጨመሩ። ከዚያ ቡናው ገና ቶና ሳይደርስ «ሂጂ ተኚ፣ እኛ እናድርልሻለን» ብለው ወደ ጓዳ ሰደዷት። ሐኪሙ ስለ እንቅልፍ ያለውን እኚህ ሽማግሌ ከማንም ሳይሰሙ አደረጉት።

አባዬ በዚህ ቀና ሳይሆን አይቀርም። ተመልሶ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄዶ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። እሳቸውም ተቆጡ፣ ግን በአስተናባሪው ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ከፍተው አነበቡለት። ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር አወጣ ይላል። በወንጌል ውስጥም በእሳትና በውሃ ስለሚወድቀው ልጅ አነበቡለት። እህቴ ክርስትና የተነሳችው በአባዬ ወገን ነውና ሥርዓቱን ያበጁላት እሳቸው ናቸው። ጠበል ትጠጣ፣ ኪኒኑንም በጠበሉ ትዋጠው አሉ። ጾሙን ለሕመምተኛ በሚሆን መጠን ቀነሱላት። ማታ አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ስለሆነ ጸሎቷንም ቅዳሴዋንም አያውክም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። እኛ ብቻ እንደሆንን ይመስለኝ ነበር። ለካ ዓለም በሙሉ በዚህ በር አልፏል። የጥንት ባቢሎናውያን የሚጥለውን ሰው ጋኔን ያዘው ብለው በሸክላ ሰሌዳ ላይ ጽፈዋል። ግሪኮች «የተቀደሰ በሽታ» ይሉት ነበር። ከዛሬ 2400 ዓመት ገደማ በፊት ግን ከሂፖክራተስ ወገን የሆነ ሐኪም፣ ከሌላው በሽታ የበለጠ ቅዱስ አይደለም፣ መነሻው አንጎል ነው ብሎ ጻፈ። በላኦስ ተራሮች ያሉት ሞንግ የሚባሉ ሕዝቦች መንፈስ ሲይዝ ነው የሚጥለው ይላሉ፤ አንዳንዱን ሕመምተኛም ለመንፈስ አዋቂነት የተመረጠ አድርገው ያከብሩታል። ዛራችንም የእኛ ብቻ አይደለም። በሱዳንም፣ በግብፅም፣ በኢራን ደቡብም አለ፤ ከበሮውም እጣኑም እንደኛው ነው።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ የሕንዱ ነው። ኤርዋዲ በሚባል ቦታ፣ በአንድ የሙስሊም ቅዱስ መቃብር አካባቢ፣ የአእምሮ ሕሙማንን እያሰሩ የሚያኖሩ ቤቶች ነበሩ። በ2001 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር ከእነሱ አንዱ ተቃጠለ። በሰንሰለት ስለታሰሩ ማምለጥ አልቻሉም፤ 28 ሰዎች ሞቱ። ሰንሰለት ለመጠበቅ ነው የሚሉ ሰዎች እኛም አገር ስላሉ ነው ይሄን የማነሳው። ሰው አትሰሩ። በማንም ስም ይሁን፣ አትሰሩ።

ሕንድ ውስጥ ሌላም አለ። ጉጃራት በሚገኝ ሚራ ዳታር በሚባል ቅዱስ ቦታ ሐኪሞች ሄደው ከዱአ አድራጊዎቹ ጋር መሥራት ጀመሩ። «ዳዋ እና ዱአ» ብለው ነው የሰየሙት፣ መድኃኒትና ዱአ። እማዬ ይሄን ሳነብላት «ታዲያ ሼሁ ያሉት አይደል?» አለች። ናይጄሪያዊው የአእምሮ ሐኪም ላምቦ ደግሞ ገና በ1954 እ.ኤ.አ. አሮ በሚባል ቦታ ሕሙማንን ከዘመዶቻቸው ጋር በዙሪያው ባሉ መንደሮች አኑሮ፣ የባህል ሐኪሞችንም አማክሮ ያክም ነበር። እህቴን ቃሬዛ ላይ ሆና ሳያት እኔ የተመኘሁት ይሄንን ነው፤ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ያስተኙ እናቶችም ኪኒኑም በአንድ ግቢ ቢገኙ። እኛም አገር አብነት አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲመጣ እንጦጦ ላይ ሰው ኪኒኑን ትቶ ጠበል ይጠመቅ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው አስተማሩ።

እና አሁን አንድ ሰው «ወደ እገሌ ጠበል ልሂድ ወይስ እገሌ ሼህ ጋ?» ሲለኝ አትሂድ አልለውም። ከመግባትህ በፊት ጠይቅ እለዋለሁ። መድኃኒት አቁም ይላሉ ወይ? ካሉ ጫማህን ሳታወልቅ ተመለስ። ይገርፋሉ፣ ያስራሉ፣ ያስርባሉ ወይ? ሲብስበት ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ መንገድና መኪና ቅርብ ነው ወይ? ሳይድን ሲቀር ጥፋቱን በማን ላይ ያደርጋሉ፣ በታመመው ላይ ነው ወይ? ገንዘቡ ሲመጣ ደግሞ በስጦታ ነው ወይስ በተመን? ተመን ባለበት ቤት ዶሮው ሁልጊዜ ሌላ ዶሮ ያስከትላል። ጠበል ውስጥ የሚገባም ከሆነ ብቻውን አይግባ። ጉልበት የማያልፍ ውሃ የሚጥለውን ሰው ያሰምጣል።

ጦርነቱ ያስተማረንንም ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከሐይቅ ስንሸሽ የያዝነው ልብስና ትንሽ ዱቄት ነበር። ኪኒኑ የቀረልን ጥቂት ነው። ሆስፒታሎቹ ተዘረፉ፣ ፋርማሲዎቹ ተዘጉ። አባዬ ከመጠለያ መጠለያ እየዞረ የባዶውን ጥቅል ስም ለሰው ሲያሳይ ይውላል። በመጨረሻ ያገኘነው ልጇ ያንኑ መድኃኒት ከምትወስድ እናት ነው፤ ከልጇ ቀንሳ ሰጠችን። ዛሬ ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ የአንድ ወር ትርፍ አለ። የመድኃኒቱ ስምና መጠን በወረቀት ተጽፎ የእህቴ ቦርሳ ውስጥ፣ የእኔም ስልክ ውስጥ አለ። ጊዜው መልካም ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ መንገድ በዝናብም ይዘጋል።

ቤት ውስጥ የምናደርገው ቀላል ነው። ስትወድቅ ጠንካራ ነገር ከአጠገቧ እናርቃለን፣ ጭንቅላቷ ሥር ነጠላ እናጥፋለን፣ መንቀጥቀጡ ሲያባራ በጎኗ እናዞራታለን። አፏ ውስጥ ምንም አንከትም፣ እጇንም አንይዝም። ሰዓት እናያለን። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት መኪና እንጠራለን። ለሃጭ አያስተላልፍም፤ ስኒዋም ከስኒያችን ጋር ነው። ቡና ትቆላለች፣ ግን ከፍ ባለ ምድጃ ላይ ሰው እያለ። ሐይቁ ዳር ልብስ ልታጥብ ስትሄድ ብቻዋን አትሄድም። መጀመሪያ «እንደ ሕፃን ትጠብቁኛላችሁ» ብላ ታኮርፍ ነበር። በእሷ ላይ የጣልነው ጥበቃ ነው ወይስ እስር ነው የሚለውን እስከዛሬ እንከራከራለን፤ አንዳንዴ የምታሸንፈው እሷ ናት።

መስከረም 21 ግሸን ማርያም ትሄዳለች። አባዬ የተሳለው ስለት ነው። ኪኒኗን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዛለች። ሌሊቱን አትቆምም፣ ትተኛለች። ገደሉ ዳር ስትሄድ ሰው በውስጥ በኩል ሳይሆን በገደሉ በኩል ሆኖ አብሯት ይሄዳል። ለመውሊድ ደግሞ ከእማዬ ጋር ጀማ ንጉሥ ወጥታ ታውቃለች። እዚያም ሕጉ ያው ነው፦ ማታ ኪኒን፣ ከዚያ እንቅልፍ።

ከዓለም ጤና ድርጅት እንዳነበብኩት ይሄ በሽታ ያለበት ሰው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ገደማ ነው። በትክክል ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። እህቴ መጠኑ ከተስተካከለላት ወዲህ ከእነዚህ መሃል ገብታለች ማለት ይቻላል። እንቅልፍ ያጣች ሰሞን አልፎ አልፎ ይነካታል። ደሴ ልብስ ስፌት ትሠራለች። በእግር ፔዳል የሚሠራው ሲንጀር ለእሷ ከኤሌክትሪኩ ይሻላል ብላ እሱን ነው የመረጠችው። ስትወድቅ መኪናውም አብሮ ይቆማል።

አሁን ደግሞ ለትዳር የሚጠይቃት ልጅ አለ። የእማዬ እህቶች «ከሠርጉ በፊት አታውሩለት» ብለው ነበር። እሷ ግን ራሷ ነገረችው። በሁለተኛው ቀን ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ስትወድቅ ምን እንደሚያደርግ እንድታሳየው ጠየቃት። ሶፋው ላይ ጋደም ብላ አሳየችው።

ይህን ያነሳሁት ሴት ልጅ ላላችሁ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። ሶዲየም ቫልፕሮኤት የሚባል ሌላ ጥሩ መድኃኒት አለ፤ በእርግዝና ጊዜ ግን ፅንሱን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ፊኖባርቢታልም ለፅንስ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም፤ የእርግዝና መከላከያ ኪኒንንም ያዳክማል። ስለዚህ ትዳር ያሰበች ልጅ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚንም ከማርገዟ በፊት ትጀምር። ፈርታም መድኃኒቷን በራሷ እንዳታቆም፤ በእርግዝና ላይ መውደቅም ለሁለቱም አደገኛ ነው። እህቴ ቀጠሮዋን ይዛለች። ልጁም አብሮ ይሄዳል።